ውሻውን ኃይለኛ ያደረገው ዘሩ ነው ወይስ አስተዳደጉ?

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል)

በጮሌ፣ በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በሌሎችም የአርሲ ደጋዎች ሆናችሁ የምትከታተሉን፣ ከብት እየጠበቃችሁም ይሁን ቡና እያፈላችሁ፣ ለዛሬው ጨዋታችን ጆሯችሁን ስጡን።

(የውሾች ጩኸት፣ መጀመሪያ የአንዱ፣ ከዚያ የብዙ)

ይህን ድምፅ የማያውቅ የለም። ጮሌ ላይ መሸት ብሎ ብርዱ ጠንከር ሲል አንዱ ውሻ ይጀምራል፣ የጎረቤቱ ይቀበለዋል። ጅብ ወደ በረቱ ተጠግቶ ይሆናል፤ መንገደኛ አልፎ ይሆናል። በደጋው አገር በግና ጥጃ ያለው ሰው ያለ ውሻ እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ የቤት ሠራተኛ ነው ማለት ይቻላል፤ ሌሊት የሚሠራ፣ ደመወዙ ፍርፋሪ የሆነ ሠራተኛ።

ጥያቄያችን እንዲህ ነው። አንዱ ውሻ ሌሊቱን ጅብ ሲያባርር ያድርና ጠዋት ሕፃን ጅራቱን ሲጎትተው ዝም ይላል። ሌላው ደግሞ ጅቡን ትቶ ከትምህርት ቤት የምትመለሰውን ልጅ ይነክሳል። ሁለቱም ውሾች ናቸው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከዘራቸው ነው? ወይስ ካሳደጋቸው ሰው?

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አባቶቻችን “ዘር ከልጓም ይስባል” ይላሉ። ፈረስ በሚወደድበት በአርሲ ይህ አባባል ክብደት አለው። ፈረሰኛው ምንም ቢያሠለጥን፣ ፈረሱ ከእናት ከአባቱ ያመጣው ነገር አይጠፋም ማለት ነው። በውሻስ? “የኃይለኛ ውሻ ልጅ ኃይለኛ ነው፣ አለቀ” የሚሉ አሉ። “የለም፣ ውሻ ጌታውን ነው የሚመስለው” የሚሉም አሉ። እናንተ ከየትኛው ወገን ናችሁ? መልሳችሁን በልባችሁ ያዙና አብረን እንሂድ።

መጀመሪያ ለዘር ወገን እንፍረድ፤ ማስረጃው ጠንካራ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1959 በሶቪየት ኅብረት፣ ሳይቤሪያ ውስጥ ኖቮሲቢርስክ አጠገብ፣ ዲሚትሪ ቤልያዬቭ የሚባል የዘረመል ተመራማሪ አንድ ሙከራ ጀመረ። ለፀጉራቸው ሲባል የሚረቡ ቀበሮዎችን ወሰደ። መስፈርቱ አንድ ብቻ ነበር፦ ሰው እጁን ወደ ቀበሮው ሲዘረጋ ቀበሮው ምን ያደርጋል? የሚናከሰውንና በፍርሃት የሚሸሸውን ተዉት፤ ሰው ሲጠጋው ረጋ የሚለውን አራቡት። ከልጆቹም መካከል ይበልጥ ረጋ ያለውን እየመረጡ እንደገና አራቡ።

ልብ በሉ፤ ማንም ቀበሮዎቹን አላሠለጠናቸውም። የተደረገው መምረጥ ብቻ ነው። ከጥቂት ትውልዶች በኋላ ሰው ሲያዩ ጅራታቸውን የሚቆሉ፣ ለመታቀፍ የሚያለቅሱ ቀበሮዎች ተወለዱ። ቤልያዬቭ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሞት ባልደረባው ሊውድሚላ ትሩት ሥራውን ቀጠለች።

ሌላም ነገር አደረጉ። በአንድ በኩል ገራሞቹን ሲያራቡ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ተናካሾቹን እየመረጡ አራቡ። ከዚያ ከተናካሽ እናት የተወለዱትን ግልገሎች ለገራም እናት ሰጥተው አሳደጓቸው። በገራም እናት ጡት አደጉ፣ በገራም ቤት ኖሩ። ምን ሆኑ ትላላችሁ? ተናካሾች ሆኑ። ቁጣው በጡትና በእቅፍ አልተሻረም።

እንግዲህ “ሁሉም አስተዳደግ ነው” የሚለው አይሆንም ማለት ነው። ፍርሃትና ቁጣ በደም ይወርዳሉ። ይህን አንድ ብላችሁ ያዙልኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ወገን እንስማ።

የቀበሮዎቹ ሙከራ ከተጀመረ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1961፣ አሜሪካ ውስጥ ባር ሃርበር በምትባል ከተማ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የአንድ ሙከራቸውን ውጤት አወጡ። ቡችሎችን ከእናቶቻቸው ጋር ከፍ ያለ አጥር በተከለለ መስክ ውስጥ አስቀመጡ። ምግቡም ውኃውም ሰው ሳይታይ ይቀርብላቸው ነበር። ከዚያ አንዳንዶቹን በተለያየ ዕድሜ፣ አንዱን በሦስተኛው ሳምንት፣ ሌላውን በአምስተኛው፣ ሌላውን በሰባተኛው፣ እያወጡ ለአንድ ሳምንት ከሰው ጋር አጫወቷቸውና መለሷቸው። ጥቂቶቹ ግን እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ድረስ ሰው የሚባል ነገር አልቀረባቸውም።

እነዚያ መጨረሻ የቀሩት ቡችሎች ሰው ሲያዩ እንደ ዱር አውሬ ሸሹ። በኋላ ቢያባብሏቸውም እንደ ሌሎቹ ሊለምዱ አልቻሉም። ዘራቸው ግን ገራም የሚባለው የውሻ ዘር ነበር። በአምስተኛውና በዘጠነኛው ሳምንት መካከል ከሰው ጋር የተጫወቱት ደግሞ በቀላሉ ለመዱ። ልዩነቱን ያመጣው ያ አንድ ሳምንት ነው።

እዚያው ባር ሃርበር ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በአምስት የውሻ ዘሮች ላይ ለብዙ ዓመታት ሲሠሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። ከአምስቱ ዘሮች አንዱ ባሰንጂ ነበር። ባሰንጂ የአፍሪካ ውሻ ነው፣ ከኮንጎ አካባቢ የሄደ፤ ከሌሎቹ ይልቅ ለእኛ ደጅ ውሻ የሚቀርበው እርሱ ይመስለኛል። የባሰንጂ ቡችሎች በአምስት ሳምንታቸው ሰው ሲይዛቸው ይጮኹ፣ ይናከሱ ነበር። ከሌሎቹ ይልቅ ዱር ዱር ይሉ ነበር፤ ይህ ዘራቸው ነው። ነገር ግን በየቀኑ ሰው ሲነካቸውና ሲያጫውታቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ገራም ሆኑ።

ሰማችሁ አይደል? ዘሩ አስቸጋሪ ቢሆን እንኳ በጊዜው የተነካ ቡችላ ይለምዳል። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ። ደግሜ ልበለው፦ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር።

ገበሬ የሆናችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከቁሉምሳ የምርምር ማዕከል የወጣ ምርጥ የስንዴ ዘር ውኃ በሚተኛበት ማሳ ላይ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ብትዘሩት ምን ይሰጣችኋል? ደካማ ዘር ደግሞ በለም መሬት ላይ፣ በጊዜው ሲዘራና ሲታረም ከተጠበቀው በላይ ይሰጣል። “ምርቱ የዘሩ ነው ወይስ የመሬቱ?” ብሎ የሚጣላ ገበሬ አላውቅም። በውሻው ጉዳይ ግን እንጣላለን።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ። ለምሳሌ ያህል፣ ጮሌ ውስጥ አንዲት ውሻ ወልዳ ሁለት ወንድማማች ቡችሎች ወደ ሁለት ቤት ሄዱ እንበል። አንዱን ነብሮ እንበለው፣ ሌላውን ቡቺ።

የነብሮ ጌታ ኃይለኛ ውሻ ይፈልጋል። ስለዚህ ገና በልጅነቱ ጆሮውን ቆረጠው። ምግቡ ላይ በርበሬ ነሰነሰበት፤ “ያናድደዋል፣ ያነቃዋል” ተብሎ ሰምቷልና። ቀን ቀን ጎተራው ሥር በአጭር ሰንሰለት አሰረው። ሰው እንዳይለምድ እንግዳ አያስጠጋውም። ልጆች በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ድንጋይ ይወረውሩበታል፤ ጌታውም “ይበለው፣ ይክፋ” ብሎ ያያል።

ነብሮ ከዚህ ምን ይማራል? እስቲ በውሻው ዓይን እንየው። ሰው ማለት ድንጋይ ማለት ነው። መሸሽ አይችልም፤ ታስሯል። ስለዚህ ይጮኻል፣ ጥርሱን ያሳያል። መንገደኛው ያልፋል፤ ድሮም የሚያልፍ ነበር። ነብሮ ግን “ጮኬ አባረርኩት” ብሎ ይመዘግባል። በማግስቱ ሌላ መንገደኛ፣ ሌላ ድል። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለወራት ይደጋገማል። ማንም ሳያሠለጥነው ሰው ማባረር ተለማመደ። አንድ ቀን ሰንሰለቱ ተበጥሶ ልጅቷ በዚያ ብታልፍስ?

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በዴንቨር ከተማ ሰው የነከሱ ውሾችን ካልነከሱ ጎረቤቶቻቸው ጋር ያነጻጸረ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት አለ። ተናካሾቹ ግቢ ውስጥ በሰንሰለት የታሰሩ ሆነው የመገኘት ዕድላቸው ከሌሎቹ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋ ነበር። ከመካከላቸው ወንዶችና ያልተኮላሹ መብዛታቸውም ታይቷል። እውነቱን ሙሉ ለመናገር፣ በዚያ ጥናት ጀርመን ሸፐርድን የመሰሉ አንዳንድ ዘሮችም ከነካሾቹ መካከል በዝተው ነው የተገኙት። ዘርና ሰንሰለት አንድ ላይ ቆመው ታዩ።

ስለ በርበሬውና ስለ ጆሮው አንድ ነገር ልናገር፤ ይህ ጉዳይ ያሳዝነኛል። በርበሬ የውሻውን ሆድ ያቃጥላል፣ ጀግና አያደርገውም። ጆሮውን መቁረጥም የመስማት ኃይሉን አይጨምርም፤ የሰው እጅ ሕመም እንደሚያመጣ በልጅነቱ ያስተምረዋል እንጂ። ሕመም ያለበት ውሻ፣ የሚፈራ ውሻ፣ እርሱ ነው የሚነክሰው። ከምናየው ንክሻ ብዙው ከጀግንነት ሳይሆን ከፍርሃት የሚመጣ ነው።

ዱላስ? እ.ኤ.አ. በ2009 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች ጠባያቸው ያስቸገረ ውሾችን ባለቤቶች ጠየቁ። ውሻቸውን ከመቱት ወይም በእግራቸው ከረገጡት መካከል ከመቶ አርባ ሦስቱ ውሻው መልሶ እንደተቆጣባቸው ተናገሩ። ቁጣን በዱላ ለማስተው የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ተጨማሪ ቁጣ ነው።

ቡቺስ? ቡቺ ደጅ ነው የሚኖረው። በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት ውሻ ቦታው ደጅ ነው፤ ይህ ምንም ችግር የለውም፤ ማንም ቤት አስገቡት አላላችሁም። ግን ገና አምስት ሳምንቱ ሳለ ልጆቹ ፍርፋሪ እየሰጡ አጫወቱት። ጎረቤት ሲመጣ አየ። ፈረስ፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ጥላ የያዘ ሰው፣ ሻሽ ያሰሩ እናት፣ ምርኩዝ የያዙ አባት ሁሉ ዓይኑ ለመደው። ከበጎቹ ጋር አደረ። ይህ ውሻ ጅብ ሲመጣ ዝም ይላል ብላችሁ ትሰጋላችሁ?

(ለአፍታ ጸጥታ)

አትስጉ። ከናሚቢያ አንድ ምስክር ላምጣላችሁ። እዚያ የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ፈንድ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የአናቶሊያ እረኛ ውሾችን ለአርቢዎች ይሰጣል። እነዚህ ከቱርክ አገር የመጡ ግዙፍ የበግ ጠባቂዎች ናቸው። ቡችላው ገና ሳምንታቱ ሳይበዙ ከበጎችና ከፍየሎች ጋር እንዲያድግ ይደረጋል። ሲጎለምስ መንጋውን እንደ ቤተሰቡ ይቆጥርና አቦ ሸማኔውንም ቀበሮውንም ያባርራል። ለጥበቃ ያበቃው ሁለት ነገር ነው፤ ለዘመናት ለዚሁ ሥራ የተመረጠ ዘሩ፣ እና ከማን ጋር እንዳደገ። በርበሬ አልበላም፣ ጎተራ ሥር አልታሰረም።

አውሬን የሚያባርር ውሻና ሰውን የሚነክስ ውሻ አንድ አይደሉም። ይህን ከያዛችሁልኝ የዛሬው ድካሜ ከንቱ አልሆነም።

(አጭር ሙዚቃ)

“ይህ ለሐበሻ ውሻ ነው፤ የፈረንጁስ?” የምትሉ አላችሁ። አሰላ፣ አዳማ፣ አዲስ አበባ በየግቢው ጀርመን ሸፐርድና ሮትዋይለር፣ ወይም የእነሱ ክልስ ይታያል። “ኃይለኛ ውሻ አለ” የሚል ጽሑፍም በሩ ላይ ይለጠፋል። ዘሩ ብቻውን ኃይለኛ ያደርገዋል?

እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1991 ፒትቡልን ጨምሮ አራት የውሻ ዘሮችን በሕግ ከለከለች። ፍርዱ በዘር ላይ ነበር። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ18,000 በላይ ውሾችን ጠባይ ከባለቤቶቻቸው ጠይቆ፣ ከ2,000 በላይ የሚሆኑትን ዘረመል መረመረ። የውሻው ዓይነት፣ ማለትም ሸፐርድ ወይም ሌላ መሆኑ፣ በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ያስረዳው ከመቶ ዘጠኝ ገደማውን ብቻ ነው። በተለይ ቶሎ የመቆጣት ጠባይ በዓይነቱ ስም ሊገመት አልቻለም።

እዚህ ላይ እንዳንሳሳት። ጥናቱ “ዘር ዋጋ የለውም” አላለም። ያለው “በስሙ አትፍረዱ” ነው። በአንድ ዓይነት ስም ከሚጠሩ ውሾች መካከል የአንዷ ልጆች ረጋ ያሉ፣ የሌላዋ ልጆች ድንጉጥ ይሆናሉ። ስለዚህ ቡችላ ልትወስዱ ስትሄዱ ስሙን አትጠይቁ፤ እናቱን እዩ። እንግዳ ሲገባ ጥግ ይዛ የምትንቀጠቀጥ፣ ወይም ጌታዋ አጠገቧ ቆሞ እያረጋጋትም የምትዘል ከሆነች፣ ልጆቿም ያንን ይዘው ሊወለዱ ይችላሉ። ረጋ ብላ የምታይ፣ ጠርጥራ ግን የማትደነብር ከሆነች መልካም ነው። የውሻው ግዝፈትም መዘንጋት የለበትም። ትልቅ ውሻ ብዙ ጊዜ ባይነክስም፣ አንድ ጊዜ ሲነክስ ጉዳቱ ከባድ ነው።

ከእናቱ መቼ እንውሰደው? ስምንት ሳምንት ሲሞላው ጥሩ ነው። ቀድሞ የተነጠለ ቡችላ ከወንድሞቹ ጋር እየተናከሰ የሚማረውን ልክ አይማርም። ወንድሙን አጥብቆ ሲነክሰው ወንድሙ ጮኾ ጨዋታውን ያቋርጥበታል፤ ጥርሱን ማለዘብ የሚማረው እዚያ ነው።

ማሰር ግድ ከሆነስ? ሰንሰለቱ ይርዘም፣ ጥላና ውኃ ይኑረው፣ መንገድ ዳር አይሁን፤ ልጆች የማይደርሱበት ጓሮ ይሻላል። ቢቻል ግን አጥሩን አጥብቆ መልቀቅ።

ለልጆቻችንም እንንገራቸው። እየበላ ያለ ውሻ፣ የተኛ ውሻ፣ የወለደች ውሻ አይነካም። ውሻ ሲመጣባቸው እንዳይሮጡ። ጎሕ ሲቀድ ለልምምድ የምትወጡ የበቆጂና የአሰላ ሯጮች ይህን በደንብ ታውቃላችሁ፤ የሚሮጥ ነገር ውሻውን ይጠራዋል። ቆም ማለት፣ እጅን መሰብሰብ፣ ዓይን ዓይኑን አለማየት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ጎን መራቅ።

(ሙዚቃው ይቀየራል፣ ረጋ ያለ)

አሁን የምነግራችሁ ከሁሉም የሚበልጠውን ነው። ዘሩም አስተዳደጉም ያላመጡት ቁጣ አለ፤ የእብድ ውሻ በሽታ።

ገራም የነበረ ውሻ ድንገት መናከስ ከጀመረ፣ ወይም ተናካሽ የነበረው ባልተለመደ መንገድ ፈዞ ምራቁ ከተዝረበረበ፣ ድምፁ ከተለወጠ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ያን ጊዜ ስለ ጠባይ አንከራከር። በሽታ ነው ብለን እንጠርጥር። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ የሚያዙት ከውሻ ነው፤ ከተነካሾቹም ከአሥር አራት የሚሆኑት ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ከምልክቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል።

ውሻ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ካለ፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። አሥራ አምስት ደቂቃ ረዥም ነው፤ እጅ ይደክማል፤ ግን እጠቡ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል። ጸበሉንም፣ ዱዓውንም፣ ጸሎቱንም ማንም አይከለክላችሁም፤ ክትባቱን ግን አታስቀሩ፤ የተጀመረውንም አታቋርጡ። ውሻውን ያለ አደጋ መያዝ ከተቻለ አትግደሉት፤ ለብቻው ለአሥር ቀን ይጠበቅና የእንስሳት ሐኪም ይየው። ይህን ስትጠብቁ የሰውየውን ክትባት አታዘግዩ።

ውሻችሁን ደግሞ በየዓመቱ አስከትቡ። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ጀምሩለት። ይህ የሚጠቅመው ለእኛ ብቻ አይደለም። ከእኛ በላይ ባሉት በጋላማና በጭላሎ ተራሮች ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኝ፣ በጠቅላላው ከ500 የማያልፍ እንስሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 በባሌ ተራሮች ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ከብት ተከትሎ ወደ ተራራው የሚወጣ ያልተከተበ ውሻ ይህን ሊያደርስ ይችላል።

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ጥያቄ ለእናንተ ይህ ነው። በመንደራችሁ ሰው ነክሶ የሚያውቅ ውሻ ካለ፣ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ድረስ የት ነበር ያደገው? ከማን ጋር? እናቱስ ምን ዓይነት ነበረች? ጠይቃችሁ ያገኛችሁትን ጻፉልን ወይም ደውሉልን። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የእንስሳት ሐኪም አጠገቤ አስቀምጬ መልሶቻችሁን አብረን እናነባለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)